ክንድ በፔዳል፣ እግር በኤሌክትሪክ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደም ሥርን የሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚመነጨው ደም ግድግዳውን እየታከከ በብዛት ሲያልፍ ነው። አከርካሪው የተጎዳ ሰው የእጅ ፔዳል ብቻ ሲያሽከረክር እግሩ ከዚህ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ክንዱ ፔዳል ሲያሽከረክር የጭኑን ጡንቻ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ማኮማተር ደሙን ወደ እግሩ ይስባል።

የመጀመሪያው ስህተት እግር ሁሉ ለኤሌክትሪክ ይታዘዛል ብሎ ማሰብ ነው። ከአከርካሪ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ነርቭ ራሱ ከሞተ የተለመደው መሣሪያ አይሠራም፤ ኃይሉን መጨመር ቆዳ ማቃጠል ብቻ ነው። ፊዚዮቴራፒስት አስቀድሞ ይፈትሽ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ወይም እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው አይጀምር።

ቅባት በተቀባ ወይም በላብ በራሰ ቆዳ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈውን ፓድ አይለጥፉ። ጠርዙ ሲነሳ ኃይሉ ሁሉ በቀረችው ጠባብ ቦታ ያልፋል፤ ሕመም የማይሰማው ሰው መቃጠሉን አያውቅም። በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ፓዱ ሲነሳ ደግሞ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ ስለማይታይ፣ በእጅዎ ዳስሰው ትኩሳትና እብጠት ይፈልጉ።

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ለዚህ ሥራ አትሆንም። ከጉዳቱ በታች ያለው ገላ በቅጡ ስለማያልበው ሙቀቱ ውስጥ ይከማቻል። ማለዳ ይሥሩ፤ ፊትና አንገት ላይ ውኃ ይርጩ። ሐረር ላይ ሰዓቱ ያን ያህል አያስጨንቅም። ከበርጫ ተነስቶ ወደ ፔዳል መሄድ ግን በሁለቱም ከተማ አደገኛ ነው፤ ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ደም ሥርንም ያጠብባል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ጉዳቱ በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ራስ ምታትን ችላ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ፣ የሞላ ፊኛ ወይም የጠበቀ ቀበቶ ግፊቱን በድንገት ሊያስፈነጥረው ይችላል። ራስ ሲወቅር፣ ፊት ሲያልብ ማሽኑን ወዲያው ያጥፉ። አያስተኙት፤ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ እግሩን ዝቅ ያድርጉ፣ ልብሱን ይፍቱ፣ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ታጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ። የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ከወትሮው በ20 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ ካልወረደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ስለዚህ የወትሮውን ግፊት ከመጀመርዎ በፊት ለክተው ይጻፉ። በነዚህ ሰዎች የልብ ምትም ድካምን በትክክል አያሳይም፤ ትንፋሹን ይከታተሉ።

በመጨረሻ፣ አይቸኩሉ። ለዓመታት ያልቆመ እግር አጥንቱ ስለሚሳሳ ድንገተኛ ብርቱ መኮማተር ሊሰብረው ይችላል። የኤሌክትሪኩን ምት ድግግሞሽ በሰከንድ ከ30 እስከ 50 ጊዜ (ኸርዝ) አድርገው ኃይሉን ከዝቅተኛው ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በ10 ደቂቃ ጀምረው፣ በሳምንታት ውስጥ በሳምንት 3 ቀን ወደ 30 ደቂቃ ያድርሱት።