መኪና ሊሸጥ ሲል ለምን ይበላሻል? ከሽያጩ በፊት ባለው ወር የሚደረግ ጥንቃቄ

ዓመቱን ሙሉ ሳያስቸግር የሠራ ቪትዝ ገዥ ሊያየው በመጣበት ጠዋት አልነሳም ይላል። ብዙ ሰው «ዓይን ነው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መነሻው በመጨረሻው ወር የተደረገ ወይም የተተወ ነገር ነው። «ይሸጣል» ከተባለ በኋላ ሰርቪስ ይዘለላል፣ መኪናው ግቢ ይቆማል፣ ዋዜማው ላይ ደግሞ ሞተሩ በግፊት ውኃ ይታጠባል።

ከሁሉ የከፋው ይኸው እጥበት ነው። በቪትዝና በመሰሎቹ ኮይሎቹ (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት) የሚቀመጡት ከሞተሩ አናት፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ በሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ በቀጥታ ነው። ውኃው የኮይሉን ጎማ አልፎ ከገባ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ እሳቱም ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በእርጥበቱ በኩል ወደ ብረቱ ያመልጣል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በዚህ ሁኔታ መንዳት አይገባም፤ ሳይቃጠል የሚያልፈው ቤንዚን ካታላይዘሩን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ያበላሸዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የኮይሉን ሶኬት ይንቀሉ፣ ብሎኑን በ10 ቁልፍ ፈትተው ኮይሉን ያውጡ፣ ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር ይንፉ፣ ኮይሉን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይመልሱ። ለሽያጭ እርጥብ ጨርቅና ብሩሽ ይበቃል። እንዲያውም የሚያውቅ ገዥ ሞተሩ ሲያብረቀርቅ ካየ የተደበቀ የዘይት ፍሳሽ አለ ብሎ ይጠረጥራል።

ባትሪውን በመልቲሜትር ይለኩ። አድሮ ጠዋት 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12.2 ከወረደ ግማሹ አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት፤ ካነሰ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና የሚያዞረውን ቺንጊያ ያስፈትሹ። ቆሞ አምስት ደቂቃ ማስነሳት ባትሪ አይሞላም፤ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ሰዓት ይንዱት።

ሙቀት ሌላው ነው። ገዥ ሲሞክር ኤሲ ከፍቶ ዳገት ያስወጣዋል፤ ባለቤቱ በየቀኑ እንዲህ አይነዳውም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ሳይፈላ ከዚያ በላይ እንዲሞቅ የሚያስችለው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ውኃው ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ሊፈላ ይችላል። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ጎማውን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከተሰነጠቀ በላዩ ላይ ያለው የግፊት ቁጥር (0.9 ወይም 1.1) አንድ ዓይነት በሆነ ክዳን ይቀይሩት። የዛገ ራዲያተር ግን በመጨረሻው ሳምንት አይታጠብ፤ ዝገቱ ደፍኖት የነበረው ቀዳዳ ይከፈታል።

ማንኛውም ጥገና ከሽያጩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጠናቀቅ። አዲስ ዕቃ በትክክል አለመገጠሙ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ባትሪ መንቀልም ሆነ የብልሽት ኮድ ማጥፋት በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) ይታያል፤ የመኪናው የራስ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ይላሉና ገዥው የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ያስባል። ፍተሻዎቹ እንዲጠናቀቁ ለጥቂት ቀናት በከተማም በፈጣን መንገድም ይንዱት።

ገዥው መኪናውን በራሱ ጋራዥ ሳያስፈትሽ ቀብድ አይቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። ከቀብድ በኋላ ከተበላሸ ግን ወዲያውኑ ለገዥው ይደውሉ፤ የተበላሸውን ዕቃ ያሳዩትና የጥገናው ወጪ ከዋጋው እንዲቀነስ በጽሑፍ ይስማሙ።