ከጨቅላ ጋር የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት ማለፍ ይቻላል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋናው ሥራ አንድ ነው፤ ሕፃኑ ጡት በደንብ እንዲይዝ ማድረግ። ልብስ ማጠፉ፣ እንግዳው፣ ስልኩ ይደርሳል። ጡት መያዙ ሲስተካከል ብዙ ነገር አብሮ ይቀላል።

1. ቆዳ ለቆዳ

ሕፃኑ እንደተወለደ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ ይደረግና ከላይ ይሸፈን። ይሞቀዋል፣ ይረጋጋል፣ ጡት ፍለጋም ራሱ ይጀምራል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ። ቀድሞ የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት እንገር ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ የጨቅላ ሆድም ትንሽ ነው። ከበሽታ የሚከላከልለትን ነገር በብዛት የያዘው እሱ ነው።

2. ጡት ማስያዝ

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ማጥባት ሳይማሩት የሚመጣ ነገር ይመስላል። መፈለጉ አብሮት ይወለዳል፤ አያያዙን ግን እናትም ልጅም ይማሩታል። የጡቴ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ጥርሴን ነክሼ ነበር የማጠባው። ነገሩ የገባኝ አንዲት አዋላጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታሳየኝ ነው።

ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ። ሕፃኑን ወደ ጡት አምጡት እንጂ እናንተ ወደ እሱ አትጎንበሱ። ሆዱ ከሆዳችሁ ይግጠም። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፤ አንገት ተጠምዝዞ መዋጥ ለማንም ከባድ ነው። አፍንጫው ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ሲሆን የላይኛው ከንፈሩን በጫፉ ነካ ነካ አድርጉት። ከዚያ ጠብቁ። የሚያስቸግረው ይህ መጠበቅ ነው። አፉን ገርበብ ሲያደርግ ተቻኩላችሁ አታጉርሱት። እንደሚያዛጋ ሰው ሰፋ አድርጎ ሲከፍት አገጩን አስቀድማችሁ ቶሎ ጠጋ አድርጉት። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጠቆር ያለ ክፍልም መጉረስ አለበት።

በደንብ ከያዘ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጉንጩ ሞላ ይላል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ አልያዘም። መጀመሪያ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ የሚተው ስሜት ሊኖር ይችላል። ሕመሙ ከቀጠለ ግን አትታገሱ። ንጹሕ ትንሽ ጣት በአፉ ጥግ አስገብታችሁ አስለቅቁትና እንደገና ሞክሩ። ጎትታችሁ አታላቅቁት፤ ጫፉን ይጎዳዋል። ደጋግማችሁ ሞክራችሁ ካልሆነ በዚያው ቀን ባለሙያ ይይላችሁ። «ይለመዳል» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም።

ለማጥቢያ ተብሎ የሚሸጠው ትራስ ባይኖርም ቤት ያለው ትራስ ይበቃል።

3. ጠግቧል ወይ?

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ለቅሶ የረሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው። እጁን ወደ አፉ ሲወስድ፣ ጭንቅላቱን እያዞረ ሲፈልግ ስጡት። የጠባበትን ደቂቃ የሚመዘግቡ የስልክ መተግበሪያዎችን አልወድም፤ ጭንቀት ይጨምራሉ። ዳይፐር ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 1 ጊዜ፣ በሁለተኛው 2 ጊዜ ይሸናል። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ 6 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ካካውም ከጥቁርና ከሚያጣብቅ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ወተት ሞልቶ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በማግስቱ «ወተት የለኝም» ብላችሁ አትደምድሙ። ሕፃኑም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይከሳል፤ አብዛኞቹ በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለዱበት ክብደት ይመለሳሉ። ውሃም ማርም አይሰጠውም። በጡጦ የዱቄት ወተት የምትሰጡ ከሆነ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የውሃና የዱቄት መጠን ጠብቁ፤ ለመቆጠብ ብላችሁ አታቅጥኑት።

4. እትብት፣ ገላ፣ እንቅልፍ

እትብቱ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ ዳይፐሩን ከእሱ በታች እጠፉት። ራሱ ይወድቃል፣ አትጎትቱት። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ አሻንጉሊት ይተኛ። ሶፋ ላይ ታቅፋችሁት እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ፤ አደገኛ ነው።

5. እናቲቱ

አባት ወይም ሌላ አጋዥ ካለ ዳይፐሩን፣ ምግቡንና በሩን ይረከብ። እጁን ያልታጠበ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ሕፃኑን አይንካ፤ ይህን መናገር ያለበት አጋዡ ነው እንጂ አራሷ አይደለችም። በ3ኛው፣ በ4ኛው ቀን ያለ ምክንያት እንባ ቢመጣባት የተለመደ ነው። ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ራሷን አልያም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ሕክምና ያስፈልጋታል።

6. ቀን ሌሊት ሳትሉ ወደ ሐኪም

የሕፃኑ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከከበደው፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢጫ ከሆነ፣ የእትብቱ ዙሪያ ቀልቶ መግል ከያዘ አትጠብቁ። እናቲቱም በ1 ሰዓት ውስጥ ሞዴሷ በደም ከራሰ፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ ወዲያው ትሂድ፤ ሕፃኑንም ይዛችሁላት ሂዱ።