ሲፕሮን ከውሃ በፀሐይ ማጥፋት፦ ጎንደር ላይ እንዲህ ሞክሩት

ከምንውጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን (ባጭሩ ሲፕሮ፣ ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ) ግማሽ የሚጠጋው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ከዚያ ከፍሳሽ ጋር ወንዝ ይገባል፣ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይላመዱታል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ብርሃን ሲያርፍበት የሚሠራ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) መድኃኒቱን ሊሰባብረው ይችላል፤ ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የበጋ ፀሐይዋ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ላብ የምትገቡ የኬሚስትሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች፣ ሞክሩት።

ካታሊስቱ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። አናቴስ የተባለውን ዓይነት ፈልጉ። ለቀለም የሚሸጠው አይሆንም፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙን እንዳያበላሽ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ነገር ተለብዶ ነው የሚመጣው። አናቴስ ላይ ከ387 ናኖሜትር ያጠረ ጨረር ሲያርፍበት ከውሃውና ከኦክስጅኑ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ያገኘውን ሁሉ ቶሎ የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጠራል፣ መድኃኒቱን የሚሰባብረው በዋናነት እሱ ነው።

1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ 10 ሚሊግራም ንጹሕ ሲፕሮፍሎክሳሲን አሟሙ። ክኒን አትፍጩ፣ የብዙ ክኒኖች ሽፋን ውስጥ ራሱ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አለ። ውሃውን ሦስት ሰፋፊ ዕቃ ላይ አካፍሉት። ሁለቱ ላይ በሊትር 0.5 ግራም ሂሳብ ዱቄቱን ጨምሩ፣ አንዱ ያለ ዱቄት ይቅር። ማስክ አድርጉ፣ ብናኙ ሳንባ መግባት የለበትም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር መጣ። ሦስቱንም በፎይል ሸፍናችሁ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አማስሉ። ሲፕሮ ዱቄቱ ላይ ይጣበቃል፣ ይሄን ካልለያችሁት የተጣበቀውን ሁሉ ጠፋ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ከዚያ አንዱን ዱቄት ያለበትን እንደተሸፈነ ተዉት፣ ሌሎቹን ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ አውጧቸው። ዱቄት የሌለበት የግድ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሲፕሮ በፀሐይ ብቻም ይፈርሳል፤ የካታሊስቱ ድርሻ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ማማሰሉን አታቋርጡ። በየ15 ደቂቃው በሲሪንጅ ናሙና ውሰዱ፣ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አጣሩና በስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው መሣሪያ) 277 ናኖሜትር አካባቢ አንብቡ። ንባቡ ቀነሰ ማለት ሲፕሮው ተለወጠ ማለት ነው እንጂ ውሃው ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ስብርባሪዎቹ ሊኖሩ ስለሚችሉ እንዳትጠጡት።

በዲስቲልድ ውሃ ሲሳካ በጎንደሩ አንገረብ ወንዝ ውሃ ድገሙት። ቀስ ይላል፣ ባይካርቦኔትና የበሰበሰ ቅጠል ራዲካሉን ይሻሙታል። ዱቄቱን አዝቅጣችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ መልሳችሁ ተጠቀሙበት። ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ግን አትድፉት።