ፎር ዊል መኪና በበረዶ ላይ፦ ጎማ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከበረዶ ውስጥ ተነሥቶ በመውጣት ፎር ዊል መኪናን የሚያህለው የለም። ኃይሉ ለአራቱም ጎማ ስለሚከፋፈል፣ ሌላው ጎማውን በከንቱ እያሽከረከረ ባለበት ሲቀር እሱ ዳገቱን ይወጣል። ፍሬን ሲያዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ትንሿ ኮሮላም ሆነች ትልቁ ላንድ ክሩዘር የሚቆሙት በአራቱም ጎማ ነው፤ በመቆምና በመታጠፍ ጊዜ ፎር ዊል መሆን የሚጨምረው ነገር የለም። ያኔ የሚያድነው ጎማው መሬት የሚይዝበት አቅም ብቻ ነው። በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ከዴንቨርና ከአውሮራ ተነሥተው በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ቬይል ለሚመላለሱ ሹፌሮች ይህ የየዕለት ጉዳይ ነው፤ መንገዱ አይዘንሃወር ዋሻ ላይ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ደርሶ ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል። ጎማ መመረጥ ያለበት ለዚያ ቁልቁለት ነው።

«ፎር ዊል ስለሆነ ኦል ሲዝን ይበቃዋል» ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ መኪናው ያለ ችግር ስለሚነሣ ሹፌሩ መንገዱ የሚያንሸራትት አይመስለውም። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ለሁሉም ወቅት የተባለው የተራው ኦል ሲዝን ጎማ ላስቲክ እየጠነከረ ይሄዳል፣ የጠነከረ ላስቲክ ደግሞ በመንገዱ ሸካራ ላይ ተለጥጦ መያዝ አይችልም። የበረዶ ጎማ ላስቲክ ሲሊካ የተባለ ማዕድን በብዛት ስለሚገባበት በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው ልዩነት ጥርሱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ በስስ ምላጭ የተሰነጠቀ በሚመስሉ ጥቃቅን መስመሮች የተሞላ ነው፤ ጎማው ሲጫን መስመሮቹ እየተከፈቱ በብዙ ስስ ጠርዞች በረዶውን ይነክሳሉ። በጥርሶቹ መካከል የሚጠቀጠቀው በረዶም ይጠቅማል፤ በረዶ ከላስቲክ ይልቅ ከሌላ በረዶ ጋር ይበልጥ ይያያዛል።

ምልክቱን ሳይለዩ መግዛት

ጎማው ጎን ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ) የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ የበረዶ ጎማ ነው ብሎ መግዛት የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ጥርሱ አቀማመጥ የሚናገር የአምራቹ ቃል ነው፤ ጎማው በረዶ ላይ ስለመፈተኑ ማረጋገጫ አይሰጥም። መፈለግ ያለበት ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ነው። ምልክቱ በአሜሪካና በካናዳ በ1999 የወጣ ሲሆን፣ ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ከማነጻጸሪያው ጎማ ቢያንስ 10 በመቶ የተሻለ እንዲስብ ይጠይቃል። «እንዲስብ» የምትለዋ ልብ ትባል፤ የሰሜን አሜሪካው ፈተና የሚለካው የመነሣት ጉልበትን እንጂ ፍሬንን፣ መታጠፍንና አይስን (የተጋገረ ጠንካራ በረዶን) አይደለም። ስለዚህ ምልክቱ ያለው ኦል ቴሬይን (ለአስፋልትም ለድንጋያማ መንገድም የሚሆን) ጎማ በእርግጥ ከሌለው ይሻላል፤ ቢሆንም ለበረዶ ብቻ ከተሠራ ጎማ ጋር እኩል ነው ማለት አይደለም።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ጀርመን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ መንገዱ በረዷማ ሲሆን ባለ ተራራው ምልክት ጎማ ብቻ ነው የምትቀበለው። በካናዳዋ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው።

የጭቃ ጎማ ለበረዶ ይሆናል ብሎ ማሰብ

ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ሲያዩት ያስተማምናል። አዲስ በወረደ ጥልቅ በረዶ ውስጥ በእርግጥም እየቆፈረ ይሄዳል። መኪና ተመላልሶበት በተጠቀጠቀ በረዶና በአይስ ላይ ግን ከተራው ኦል ሲዝንም ሊያንስ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። የጭቃው ጎማ ጥርስ ሰፊና ድፍን ነው፣ ስንጥቅ ቢኖረው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ መንገዱን የሚነካው ላስቲክም ያነሰ ነው። የበረዶው ጎማ ጥርስ ላይ ስንጥቆቹ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ዚግዛግ እየሠሩ ተደርድረዋል። በጥፍር ጫን ቢሉት ለስላሳነቱ ይታወቃል። በአንድ ጎማ ድንጋይም በረዶም መንዳት የግድ ከሆነ፣ ባለ ተራራው ምልክትና ስንጥቁ የበዛ ኦል ቴሬይን መምረጥ ይሻላል።

ሰፊ ጎማ ይሻላል ማለት

በመንገድ ላይ ለሚገኝ በረዶ ጠበብ ያለ ጎማ ይመረጣል፤ ክብደቱ በትንሽ ስፋት ላይ ስለሚያርፍ ለስላሳውን በረዶ ሰንጥቆ ወደ መንገዱ ይደርሳል። ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የአይስላንድ የበረዶ ግግር ላይ የሚነዱ መኪኖች እጅግ ሰፊ ጎማ አድርገው ነፋሱን ወደ 4 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ሲያወርዱ የሚፈልጉት ይህንኑ መንሳፈፍ ነው፤ እነሱ ግን ከሥር የሚደርሱበት አስፋልት የላቸውም።

ወደ ጠባብ ጎማ ሲቀይሩ የጎማው ቁመት እንዳይለወጥ ማስላት ያስፈልጋል። 265/70 አር 17 ጎማ (ስፋቱ 265 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች) ቁመቱ 803 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ245/75 አር 17 ቢተካ 799 ይሆናል፤ ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ስለማይሞላ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጭነት ቁጥሩን ነው። የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ 113 የተጻፈ ከሆነ ጎማው 1,150 ኪሎ መሸከም አለበት ማለት ነው። 112 የሚሸከመው 1,120 ኪሎ ስለሆነ መጠኑ ቢገጥምም አይሆንም። የፍጥነት ፊደሉ ግን በበረዶ ጎማ ላይ ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ «ኪው» የተጻፈበት እስከ 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተፈቀደ ነው፣ በበረዶ ላይ ያን ያህል የሚነዳ የለም። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ያለው መኪና ፍሬኑ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ 18 ወይም 17 ዝቅ ቢል ጎማውም ይረክሳል፣ ጉድጓድም በቀላሉ አይሰብረውም።

ሁለት ጎማ ብቻ መግዛት

ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት የበረዶ ጎማ ፊት ላይ ብቻ ማሰር አደገኛ ነው። ፊቱ ይይዛል፣ ኋላው ይንሸራተታል፤ ቁልቁለት ኩርባ ላይ ፍሬን ሲነካ መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደ መጣበት ያደርጋል። ኋላ ላይ ብቻ ከታሰረ ደግሞ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ፎር ዊል ላይ ሌላም ወጪ አለ። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚጎተት መኪና የጎማዎቹ ዙሪያ ሲለያይ የጎማዎቹን የፍጥነት ልዩነት የሚያመጣጥነው ዲፈረንሻል ወይም ክላች ያለ እረፍት ይሠራል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይበላሻል። ሱባሩ በጎማዎቹ ዙሪያ መካከል ከሩብ ኢንች የበለጠ ልዩነት እንዳይኖር ይላል። ስለዚህ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ የጥርስ ጥልቀታቸውም ተቀራራቢ መሆን አለበት። ትርፍ ጎማውም መጠኑ አንድ ይሁን። መሐል ዲፈረንሻል የሌለው፣ በማንሻ ፎር የሚገባ መኪና ደግሞ አስፋልቱ ሲደርቅ ወደ ቱ ዊል ይመለስ።

ሊሾ እስኪሆን መጠበቅና ያረጀ ጎማ መግዛት

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው። ይህ ለበረዶ ትርጉም የለውም። አዲስ የበረዶ ጎማ 8 ወይም 9 ሚሊሜትር ይዞ ይመጣል፤ ወደ 4 ሲወርድ በረዶ የሚይዝበት ቦይ ስለሌለው ሥራውን ጨርሷል። የኮሎራዶ ሕግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው አይ 70 ላይ ለሚሄድ መኪና፣ ፎር ዊልም ቢሆን፣ ቢያንስ 3/16 ኢንች፣ ማለትም 4.8 ሚሊሜትር ገደማ ጥርስ ይጠይቃል። በጥቂት ዶላር የሚሸጠውን መለኪያ ገዝቶ ውስጡን፣ መሐሉንና ውጪውን መለካት ይገባል፤ መሐሉ ደህና ሆኖ ጠርዙ ያለቀ ጎማ ብዙ ነው።

ያገለገለ ጎማ ሲገዛ ጥርሱ ብቻ አይታይ። «ዲኦቲ» ከሚለው ቀጥለው ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3522 ማለት በ2022 በ35ኛው ሳምንት ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈ የበረዶ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፣ ባይገዛ ይሻላል።

ነፋስ ማጉደል

ይህ ከአሸዋ የመጣ ልማድ ነው። በአፋር ወይም በዱባይ አሸዋ ላይ የነዳ ሰው ነፋስ ወደ 15 ፒኤስአይ ማውረድን ያውቃል። በአስፋልት ላይ ባለ በረዶ ግን የጎደለ ጎማ ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፣ መሪው ይዝላል፣ ጎማው ይግላል። ብርዱ ራሱ ነፋሱን ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በየ5.5 ዲግሪው ሲወርድ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይጎድላል። 20 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ 35 የተነፋ ጎማ ውጭ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲያድር 29 ገደማ ላይ ይገኛል። መለካት ጠዋት ከመንቀሳቀስ በፊት ነው፣ መጠኑም በር ላይ ያለው ወረቀት የሚለው ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው።

ሚስማርና ሰንሰለት

ሚስማር ያለው ጎማ ልሙጥ አይስ ላይ ጥሩ ነው፤ እርጥብ ወይም ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ፍሬን ሊያስረዝም ይችላል፣ መንገዱንም ይፍቃል። ሚኒሶታ ለነዋሪዎቿ አትፈቅድም፣ የዋሽንግተን ግዛት ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ትፈቅዳለች። ሰንሰለት ሲገዛ መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ በጎማውና በአካሉ መካከል ቦታ የሌላቸው ብዙ ናቸው፣ የፊት ወይስ የኋላ ጎማ ላይ እንደሚታሰርም መመሪያው ይናገራል። ከታሰረ በኋላ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም።

ጠዋት ጠዋት 7 ዲግሪ መሆን ሲጀምር ማሰር፣ ጸደይ ሲገባ መፍታት። በበጋ አስፋልት ላይ ለስላሳው ላስቲክ ቶሎ ያልቃል። ሲፈታ እያንዳንዱ ጎማ የነበረበትን ቦታ በጠመኔ ጽፎ፣ አጥቦና አድርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲታሰር የፊቱ ወደ ኋላ ይሄዳል።