ጅቡቲ ከሄዳችሁ ሙሻ ደሴትን አትርሱ

ለሥራም ይሁን ለሽርሽር ጅቡቲ ከተማ ጎራ ካላችሁ፣ ለመዋኘት እዚያው ወደቡ አካባቢ አትድከሙ። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አሉ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት እንኳን አይፈጅም።

ዋናው ነገር ቀኑ ነው። እዚያ የዕረፍት ቀናቱ ዓርብና ቅዳሜ ናቸው፤ ያኔ ደሴቱ በሰው ይሞላል። እሑድ ግን ለእነሱ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሂዱና ዳርቻው የግላችሁ ሲመስል እዩት።

የላስቲክ ጫማ ያዙ። አሸዋው ነጭ ቢሆንም ውኃው ውስጥ ያለው ኮራል፣ ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ፍጡር፣ እንደ ምላጭ ነው። እኔ በባዶ እግሬ ዘው ብዬ ተረከዜን ቆረጠኝ፤ ጨዋማው ውኃ ሲነካው እንባዬ መጣ። ኮራሉ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነም አትርገጡት።

የሚጠጣ ውኃ ከከተማ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ከምታስቡት እጥፍ። ጥላም እንደልብ የለም፣ ነጠላ ወይም ሻሽ ያስፈልጋል። ከባለጀልባው ጋር የመመለሻ ሰዓቱን ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ፤ ግማሹን ሒሳብ ስትመለሱ ክፈሉት።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔስ ይቅርባችሁ።