ባትሪው ቻርጀር ላይ ከመዋሉ በፊት

ቁልፉን ስታዞሩ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል? ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ ግን ቻርጀር ለመሰካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ ባትሪውን እዩት።

የባትሪው ራሶች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ጥፋቱ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ገመዶቹን ፍቱ፣ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ቹፍ እያለ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሲያቆም በውሃ አጥባችሁ አድርቁት። ክዳኖቹ ግጥም ብለው ይዘጉ፤ ሶዳው ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሸዋል። ጓንትና መነጽር አይረሳ።

ገመድ ስትፈቱ ብልጭ ካለ ምናልባት ፖዘቲቩን አስቀድማችኋል። የመኪናው አካል ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ነው፤ የፖዘቲቩን ብሎን የያዘው መፍቻ የመኪናውን ብረት ከነካ ሾርት ያደርጋል። እኔ አንዴ ተቻኩዬ ነክቶብኝ፣ የመፍቻዬ ጫፍ ላይ የቀለጠው ነጥብ ዛሬም አለ። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፤ ስትገጥሙ በመጨረሻ አስሩት።

ሆዱ የተነፋ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ ይቀየራል። ውስጡ በረዶ የሠራ ደግሞ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ።

ክዳኑ የሚከፈት ከሆነና ውስጡ ያሉት ሳህኖች ከውሃው በላይ ከታዩ፣ የተጣራ ውሃ ሳህኖቹን እስኪሸፍን ብቻ ጨምሩ። ቻርጅ ሲደረግ ውሃው ከፍ ስለሚል ሙሉውን ልክ ከቻርጅ በኋላ ሙሉት። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ አሲድም አትጨምሩ፣ የጎደለው ውሃ ነው።

የቻርጀሩ መቆንጠጫ ባትሪውን ሲነካ ብልጭ ካለስ? ቻርጀሩ አስቀድሞ ሶኬት ላይ ተሰክቷል ማለት ነው። ቀልድ አይደለም፤ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይፈነዳል። ነፋስ ያለበት ቦታ ምረጡ። መቆንጠጫዎቹን አስራችሁ ሶኬቱን ሰኩ፤ ስትጨርሱ ሶኬቱን አስቀድማችሁ ንቀሉ። የ60 አምፒር ሰዓት ባትሪ 6 አምፒር ገደማ ይበቃዋል።

የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ ወይም ጎኑ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይም አንዱ ሴል (የባትሪው የውስጥ ክፍል) ሞቷል። ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ መቆንጠጫዎቹን ግን ጋዙ እስኪበተን አትንኩ።

ቻርጅ ካለቀ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በቴስተር ለኩት። ደህና ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል።