የቅጥቅጥ አይሱዙ ዘይት ከየት ይፈሳል?

ጋስኬት (በሞተር ክፍሎች መጋጠሚያ የሚገባ ማሸጊያ) ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩን በናፍታ አጥበው ያድርቁ። 15 ደቂቃ አስነስተው በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ንፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ የረጠበውን ቦታ ይፈልጉ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ያንሱ። ጭስ በኃይል ከገፋ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይም የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) አልቋል። ይህ ሳይስተካከል የተቀየረ ጋስኬት ሁሉ መልሶ ያፈሳል።

የሞተሩ የላይኛው ክዳን ላስቲክ ሲደርቅ ብዙዎች ብሎኑን ያጠብቃሉ፤ ክዳኑ ይጣመምና ይብሳል። ላስቲኩን ይቀይሩ፤ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ከ10 ኒውተን ሜትር በላይ አይፈልግም። የታችኛው የዘይት ቋት ቆርቆሮ ከሆነ ብሎን የጎተተውን ጠርዝ በመዶሻ ያቃኑ፤ 3 ሚሊሜትር ሲልከን ሳያቋርጡ ቀብተው ይግጠሙ። ሌሊቱን ይደር፤ ሹፌሩ ቢቸኩልም።

በሞተርና በካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) መጋጠሚያ ጠብ ጠብ ካለስ? ያሽትቱት፦ ድኝ ድኝ የሚል የካምቢዮ ዘይት ነው። ካልሆነ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ነው፤ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ኮሎው (ሲሉ የሚገባበት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱ ሲል አሮጌው ከነበረበት 2 ሚሊሜትር ፈቀቅ ብሎ ይግባ። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ዘይት ከጠጣ አብሮ ይቀየር።